የጋሼ አርባ ደረሰ፣ እኔ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ የምጽፍልዎት ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከኔ በ45 ዓመት የሚበልጡ ጓደኛ ነበሩኝ፣ ጋሼ ነበር የምላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ብሎካችን ስር ፀሀይ እየሞቅን እማማ (ባለቤታቸው ናቸው) በፔርሙስ የሚያወርዱልንን ሻይ እንጠጣለን። የድሮው ምድር ባቡር ሰራተኛ ነበሩ፣ አቃቂ ነው ብዙ ዘመን የኖሩት፣ ከለገሃር እስከ ጅቡቲ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር ሞጆ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ እያሉ ጣቢያ በጣቢያ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ሲያርፉ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰውዬ ምናቸው ነህ ሲለኝ ጎረቤት ነኝ አልኩት፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ውስጤን ይበላኛል፣ ጓደኛዬ ናቸው ማለት ለምን አቃተኝ? አሁን አርባቸው 10 ቀን ቀርቶታል፣ ልጆቻቸው አሉ፣ እኔ ዘመድ ሳልሆን የሆነ ነገር ባደርግ ነውር ይሆን? ድምፃቸውንም በስልኬ ቀድቼ ነበር ግን እስካሁን መክፈት አልቻልኩም።

መልስ፦ ወንድሜ እግዚአብሔር ያጥናህ። ምንም ነውር የለውም፣ ልጆቹ ተዝካር ካወጡ አንተ ሌላ ድግስ አትደግስ እንጂ (ለተዝካር ተበድረው ዓመት ሙሉ ዕዳ ሲከፍሉ ያየኋቸው ሰዎች አሉ፣ እኔ አልደግፈውም)፣ ጧፍ እጣን ዘቢብ ይዞ ቤተክርስቲያን መሄድ፣ ደጅ ላይ ላሉት ነዳያን ዳቦ መስጠት ለማንም ክፍት ነው።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የክርስትና ስማቸውን ታውቀዋለህ? እኛ ጋሼ እያልን በምንጠራቸው አይደለም እኮ ጸሎቱ ላይ የሚጠሩት፣ ሲጠመቁ በወጣላቸው ስም ነው፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ክርስትና የሚነሳው በተወለደ በ40 ቀኑ ነው፣ ያኔ የተሰጣቸው ስም አሁን በአርባቸው ይጠራል ማለት ነው። ስንት ቅዳሜ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ይሄን ስም ላታውቀው ትችላለህ፣ አትዘን፣ አብዛኞቻችን የቅርብ ጓደኞቻችንን የክርስትና ስም አናውቅም። እማማ ጋር ሂድና ጠይቃቸው፣ ለምን እንደፈለግከው ስትነግራቸው ጎረቤት ብቻ እንዳልነበርክ ይገባቸዋል፣ የዛን የድንኳኑን ቃል የምታስተካክለውም እዛ ነው። ወረቀት ላይ ጽፈህ ያዘው፣ ለሰማንያቸውም ለሙት ዓመታቸውም ያስፈልግሃል።

ድምፃቸውን በግድ አታዳምጥ፣ ግን ስልክ ይጠፋል ይሰበራል፣ ሳትከፍተውም ቢሆን ዛሬውኑ በቴሌግራም ለልጆቻቸው ላክላቸው። አባቴ ያረፈ ጊዜ አንድ የማላውቃቸው ሰው መጥተው አባቴ በወጣትነቱ እንዴት ይስቅ እንደነበር እያስመሰሉ አሳዩኝ፣ ከዛ ሁሉ ለቅሶ ዛሬም ድረስ አብሮኝ ያለው እሱ ነው፣ አባትን ልጆቹ የማያውቁት ጓደኛው የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ፔርሙሱን አንተ ሙላና እማማን ሻይ እንጠጣ ብለህ ጥራቸው፣ እሳቸውም ያቺን ሰዓት ብቻቸውን ነው የሚያሳልፏት።