ከጓሮ ለመጡ ጥያቄዎች፦ የቲማቲም ጥቁረት፣ የጎመን ክሽክሽ፣ የለንደን ፍግ እና ሌሎችም

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያበቁት «ምን መድኃኒት ልርጭ?» በሚል ነው። ርጭት የሚፈልግ ሆኖ ያገኘነው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በሳሙና ውሃ የሚያልቅ ነው። የቀረው የውሃ፣ የአፈርና የዘር ጉዳይ ነው።

ጥያቄ (ከኮተቤ)፦ በጓሮዬ 12 እግር ቲማቲም አለኝ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ከታች በኩል ይጠቁርና ይሰረጉዳል። የፈንገስ መድኃኒት ሸጡልኝ፤ ሁለት ጊዜ ረጨሁ፤ ለውጥ የለም። ምን ልጨምርበት?

መልስ፦ ምንም አይጨምሩ። ለውጥ ያላመጣው ፈንገስ ስላልሆነ ነው። ፍሬውን ገልብጠው ይመልከቱት። ጥቁረቱ አበባው ከረገፈበት ጫፍ ብቻ ከጀመረ፣ እንደ ቆዳ ደረቅ ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና ቅጠሉ ጤነኛ ከሆነ፣ የካልሲየም እጥረት ነው። ይህ ማለት ግን አፈርዎ ካልሲየም የለውም ማለት አይደለም። ካልሲየም ከሥር ወደ ላይ የሚጓዘው በውሃ ተሸክሞ ነው። ውሃ ሲያጥር መጀመሪያ የሚደርሰው ለቅጠሉ ነው፤ የፍሬው ጫፍ ደግሞ የመስመሩ ማብቂያ ስለሆነ ባዶውን ይቀራል። ሦስት ቀን አድርቆ በአራተኛው ማጥለቅለቅ ይህን ችግር የሚያመጣ ዋነኛው ልማድ ነው። ዩሪያ ማብዛትም ያባብሰዋል፤ ቅጠሉን ያስፈነድቅና የፍሬውን ድርሻ ያስበላል።

እንዲህ ያድርጉ። በበጋ ፍሬ ለያዘ አንድ እግር በየሁለት ቀኑ 4 ሊትር ያህል፣ ጠዋት፣ ከግንዱ ሥር ቀስ አድርገው ያጠጡ። ከማጠጣትዎ በፊት ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ ከታች እርጥበት ከተሰማዎት ለነገ ይተዉት። ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ይጎዝጉዙበት፤ ግንዱን ግን አያስነኩት። የጠቆሩትን ፍሬዎች ይልቀሟቸው፣ አይድኑም፤ ጥቁሩን ቆርጠው ሲጥሉ የቀረው ይበላል። ጉዳቱ የሚደርሰው ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ ስለሆነ፣ ውሃውን ካስተካከሉ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል የጠቆረ ፍሬ ያያሉ። ያኔ ተስፋ አይቁረጡ። የእንቁላል ቅርፊት እየፈጩ የሚበትኑ አሉ፤ ቅርፊቱ አፈር ውስጥ ለመሟሟት ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ ለዘንድሮው ፍሬ አይደርስም።

መድኃኒት ሻጩን ያሳሳተው ሌላው የቲማቲም ጥቁረት ሳይሆን አይቀርም። በክረምት ዝናብና ብርድ ሲደራረብ ቲማቲምንና ድንችን አብሮ የሚያጠቃው ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ ነው። እሱ ከቅጠል ይጀምራል፦ ዘይት የነካው የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ ይወጣል፣ ጠዋት ቅጠሉን ሲገለብጡት በነጠብጣቡ ዳር ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ ፍሬው ላይ ሲደርስም ከየትኛውም በኩል ቡናማ ያደርገዋል። እሱን ያየ ሰው የታመመውን እግር ነቅሎ ከጓሮው ያውጣ፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምረው። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ክረምቱን ሜዳ ላይ ከቲማቲም ጋር መታገል አድካሚ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ችግኝ አፍልቶ ዝናቡ ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ ማዛወር ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚመታው ሰፈር ላይ ያላችሁ ግን በጥር አፍልታችሁ በየካቲት መጨረሻ አዛውሩ።

ጥያቄ (ከሰሚት ኮንዶሚኒየም)፦ አራተኛ ፎቅ ነኝ። በረንዳዬ ወደ ደቡብ ይመለከታል። በጀሪካን ምን ላምርት? አምና በግንቦት የተከልኩት ሰላጣ ቀጥኖ ቀረ።

መልስ፦ ሰላጣው የቀጠነው ብርሃን አጥቶ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በእነዚህ ወራት ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ በራሱ ሕንፃ ጥላ ሥር ይወድቃል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ውስጥ ገብታ ትመታለች። ስለዚህ የእርስዎ ወቅት በጋ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ በሶብላና ቲማቲም ይትከሉ። በክረምቱ የብርሃን እጥረት የማይጎዳው ነገር ባይኖርም ቆስጣ ከሁሉም ይሻላል።

20 ሊትር ጀሪካኑን በጎኑ አስተኝተው የላይኛውን ገጽ ቆርጠው ያንሱ። ከሥሩ እርሳስ የሚያሳልፍ ስፋት ያላቸው 8 ቀዳዳዎች ይብሱት። ድብልቁ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን። የሰሚትና የቦሌ ጥቁር መረሬ ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሥር ይበጥሳል። አንድ ጀሪካን 4 እግር ቆስጣ ወይም 5 እግር ሰላጣ ይችላል። ቲማቲም ከሆነ ጀሪካኑን ከላይ ቆርጠው እንደቆመ ይጠቀሙበት፤ ለአንድ እግር አንድ ጀሪካን ነው።

ክብደቱን አደራ። አንዱ ጀሪካን ውሃ ሲጠጣ 30 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ግድግዳውን ተደግፎ ወለል ላይ ይደርደር እንጂ የበረንዳው ብረት ላይ እንዳይሰቀል። ከሥሩም የፕላስቲክ ትሪ ያድርጉ፤ የታች ጎረቤት ልብስ ላይ ጭቃ እየተንጠባጠበ የሚዘልቅ እርሻ የለም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የሀበሻ ጎመኔ ቅጠል ጀርባው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ስነካው ይንቀሳቀሳል። አመድ ረጨሁበት፣ አልጠፋም።

መልስ፦ የጎመን ክሽክሽ ነው። አመድ የመሰለዎት ነፍሳቱ ራሳቸው የሚለብሱት ሰም ነው። ንጹሕ ውሃ ሲረጩበት ተንከባሎ የሚወርደውም በሰሙ ምክንያት ነው፤ ሳሙና የሚያስፈልገው ያንን ሰም አልፎ ገላቸውን እንዲያረጥብ ነው። በ1 ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይበጥብጡ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል፣ እሱን ይተዉ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረው በማግሥቱ ይዩት። ካልጎዳው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቅጠሉን ጀርባና መሐሉን ቡቃያ እስኪንጠባጠብ ድረስ ይርጩ፤ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ካልደገሙት ዋጋ የለውም። ክሽክሽ እንቁላል እስኪፈለፈል አይጠብቅም፤ እናቲቱ የምትወልደው የሚራመድ ልጅ ነው፣ ልጅየውም በሞቃት አየር በሳምንት ከዐሥር ቀን ውስጥ መውለድ ይጀምራል።

በጣም የተወረሩትን የታች ቅጠሎች ቆርጠው ለዶሮ ይስጡ። ሲፈትሹ ከመካከላቸው ተነፍተው ወርቃማ ቡናማ የሆኑና የማይንቀሳቀሱ ካገኙ አይንኳቸው፤ በውስጣቸው የጥቃቅን ተርብ እጭ አለ፣ ያ ተርብ ሲወጣ ሌሎቹን ያጠቃልዎታል። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛም ወዳጅ ናት። ጠንካራ ፀረ ተባይ ሲረጭ ቀድመው የሚያልቁት እነዚህ ናቸው፤ ክሽክሹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠላት የሌለው ሆኖ ይመለሳል። ደግሞም ጎመን ቅጠሉ የሚበላ ነው። የግድ ከረጩ በዕቃው ላይ የተጻፈውን «ከርጭት እስከ መልቀም» ያለውን የቀን ብዛት ሳይጠብቁ አንድ ቅጠል ወደ ማድቤት እንዳይገባ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ካሮቴ ሲነቀል እንደ እጅ ጣት ተከፋፍሎ ነው። ለምን?

መልስ፦ ወይ አዛውረውታል፣ ወይ ትኩስ ፍግ አለበት፣ ወይ አፈሩ ጓል ነው። የካሮት ዋና ሥር ጫፉ አንዴ ከተነካ ይከፈላል፤ ስለዚህ ችግኝ አይፈላም፣ በቦታው ይዘራል። መደቡን 25 ሴንቲ ሜትር ቆፍረው ጠጠሩን ይልቀሙ፣ ጓሉን ያልሙት። ፍግ ከፈለጉ ቀደም ብሎ ለጎመን የገባበትን መደብ ይጠቀሙ። ዘሩን ከአሸዋ ጋር ደባልቀው በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በመስመር ይዝሩና እርጥብ ጆንያ ያልብሱት። ብቅ ለማለት ከ10 እስከ 20 ቀን ይፈጃል፤ ከስምንተኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ጆንያውን ገለጥ አድርገው ይዩ፣ የመጀመሪያው አረንጓዴ የታየ ዕለት ያንሱት። ጣት ቁመት ሲደርስ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያሳሱት። ማሳሳት ያሳዝናል፣ ግን ያልሳሳ ካሮት ገመድ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ማዘጋጃ ቤቱ ለነዋሪ ከሚያከራየው የአትክልት ቦታ፣ ከአሎትመንት፣ ከሁለት ዓመት ጥበቃ በኋላ ግማሽ ቦታ ደረሰኝ። የፈረስ ፍግ ገዝቼ አፈሰስኩበት። ፎሶሊያውና ቲማቲሙ ጫፉ እየተጠቀለለ እንደ ፈርን (ቅጠሉ ተጠቅልሎ የሚወጣ ተክል) ሆኗል። ቫይረስ ነው?

መልስ፦ ሁለት የማይዛመዱ ሰብሎች ፍጉ በፈሰሰበት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ካሳዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍጉ ነው። በብሪታንያ የግጦሽ ሣር ላይ አረም ለማጥፋት የሚረጭ አሚኖፒራሊድ የሚባል ኬሚካል አለ። ሣሩን አይጎዳም፣ ፈረሱ በልቶት ያልፋል፣ በፍጉ ውስጥ ግን ሳይፈርስ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በመላው አገሪቱ የብዙ አሎትመንት ተከራዮች ሰብል በዚሁ ተበላሽቶ ሽያጩ ለጊዜው ታግዶ ነበር፤ በኋላ ከጠበቀ ሁኔታ ጋር ተመልሷል። ፎሶሊያ፣ አተር፣ ባቄላ፣ ቲማቲምና ድንች ለእሱ በጣም ስስ ናቸው። በቆሎ ከሣር ወገን ስለሆነ ይቋቋማል።

ለማረጋገጥ፦ ስድስት ማሰሮ ያዘጋጁ። በሦስቱ ፍጉን ከተገዛ የማሰሮ አፈር ጋር እኩል ደባልቀው፣ በሦስቱ አፈሩን ብቻ ይሙሉ። በየማሰሮው ሦስት ሦስት ፍሬ ባቄላ ይዝሩ። የአንዱ ወገን ውሃ ወደ ሌላው እንዳይፈስ ለየብቻ ያስቀምጡ። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ፍግ ያለባቸው ብቻ ከተጠቀለሉ መልሱን አገኙ። ያኔ ገና ያልተበተነውን ፍግ ሰብስበው ለሻጩ ያሳውቁ፤ ለሌላ ሰው አይስጡ። ከአፈር ጋር የተቀላቀለውን ደጋግመው ይገልብጡት፤ ኬሚካሉን የሚያፈርሱት የአፈር ረቂቅ ነፍሳት ናቸው፣ እነሱም አየርና ሙቀት ይፈልጋሉ። ዘንድሮ በቆሎ ይዝሩበት፤ በሚቀጥለው ፀደይ የባቄላውን ሙከራ በዚያው አፈር ደግመው ካለፈ ወደ ፎሶሊያ ይመለሱ። ከእንግዲህም ፍግ ሲገዙ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ፈረሱ የበላው ድርቆሽ ምን ተረጭቶበታል?» ይሁን።

ጥያቄ (ከሻሸመኔ)፦ ድንቼ ቅጠሉ ሳይቢጫ በቁሙ ጠወለገ። ማታ ቀና ይላል፣ ቀን ይተኛል። ውሃ አልጎደለበትም።

መልስ፦ የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ አጠገብ ቆርጠው ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ አስነክተው፣ ሳያንቀሳቅሱ ይያዙት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው አፍ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ፣ አጠውላጊው ባክቴሪያ ነው። መድኃኒት የለውም። የታመሙትን ከነሥራቸውና ከነአፈራቸው ነቅለው ያስወግዱ፣ ዶማውን አጥበው በእሳት ያስነኩት። በዚያ መሬት ላይ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና በርበሬ አይትከሉ፤ በቆሎ፣ ስንዴ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይግባበት። ከጤነኛው እግር የተገኘው ድንች ይበላል፣ ለዘር ግን እንዳይቀመጥ፤ በሽታው ሳይታይ በውስጡ ይቆያል። ከገበያ የወጥ ድንች ገዝቶ መትከልም የሚያመጣው ይህንኑ ነው። ከሆለታ ምርምር ማዕከል ከወጡት እንደ ጉደኔና በለጠ ካሉት ዝርያዎች ዘር ከሚያባዙ ማኅበራት ይፈልጉ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ኮምፖስቴ ይሸታል፣ ትል አፍርቷል።

መልስ፦ ረጥቧል፣ ታፍኗል። ለአንድ ባልዲ የማድቤት ልጣጭ ሁለት ባልዲ ደረቅ ነገር፣ ማለትም ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም ጥቂት ሰጋቱራ ይግባበት። ገልብጠው እየደባለቁ ይጨምሩ፤ በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው። የቡና አተላ ጥሩ ነው። ወጥ፣ ሥጋና ዘይት የነካው ነገር አይግባ።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ ሰላጣዬን ከወንዙ እያጠጣሁ ነው። በደንብ ካጠብኩት ይበላል?

መልስ፦ አይበላ። ማጠብ ከላይ ያለውን ጭቃና ጀርም ይቀንሳል እንጂ ከፋብሪካና ከጋራዥ የወረደውን፣ ሥሩ የጠጣውን ከባድ ብረት አያወጣም። መቀቀልም አያወጣውም። ቆርቆሮዎን ይጠቀሙ፦ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 400 ሊትር ነው፤ ከብክነቱ ተርፎ 300 ያህሉን በርሜል ውስጥ ያገኛሉ። የመጀመሪያውን የዝናብ ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት ያፍስሱት።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ የሁለት ዓመት የሽንኩርት ዘር አለኝ። ልዝራው?

መልስ፦ የሽንኩርት ዘር ቶሎ ከሚሞቱት ነው፤ በቤት ሙቀት ከአንድ ዓመት በኋላ መዳከም ይጀምራል። 10 ፍሬ ቆጥረው እርጥብ ሶፍት ላይ ደርድረው ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ ያስቀምጡ፣ ለ10 ቀን ሞቅ ያለ ቦታ ይቆይ። 8 ከበቀለ እንደ አዲስ ይዝሩት። 5 ወይም 6 ከሆነ አጠጋግተው ይዝሩት። ከ4 በታች ከሆነ ይጣሉትና አዲስ ይግዙ፤ መደቡም ውሃውም ለእሱ አይባክን።