ሁለት ጊዜ ባላንስ ተሠርቶ መሪው አሁንም ይንቀጠቀጣል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በፈረንጆች 2004 የተሠራ ኮሮላ አለኝ። ከሁለት ወር በፊት የፋብሪካውን የብረት ቸርኬ አውጥቼ 15 ቁጥር የአሉሚኒየም ቸርኬ ከአዲስ ጎማ ጋር አስገጠምኩ። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቴ 80 ሲደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ 95 ላይ ይብሳል፤ 110 ላይ ጋብ ይላል። ፍሬን ስይዝ የተለየ ነገር የለም። ሁለት ጊዜ ባላንስ (የጎማውን ክብደት በሚለጠፍ እርሳስ ማመጣጠን)፣ አንድ ጊዜ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠርቻለሁ። ከሁለተኛው ባላንስ በኋላ ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ የፊት ጎማ ተንፍሶ ሲፈታና ሲገጠም ተመለሰ። አንድ ጋራዥ ቴስቲና (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ) ለወጠልኝ፤ አሁን ደግሞ ሾክ አብዞርበር ግዛ እያሉኝ ነው። በየሳምንቱ ሐረር እመላለሳለሁ። (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ትተህ «ሲፈታና ሲገጠም ተመለሰ» የምትለዋን ብቻ ብትጽፍልኝ ይበቃኝ ነበር። ባላንሱ የጎደለ ጎማ ቢፈቱትም ቢያስሩትም ያው ነው፤ ሦስት ቀን እረፍት ወጥቶ አይመለስም። አስተሳሰሩ ሲቀየር ንቅጥቅጡም አብሮ ከተቀየረ፣ ጥፋቱ ያለው ጎማው ከመኪናው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። መኪናህን ሳላየው እወራረዳለሁ፤ የአዲሱ ቸርኬህ የመሃል ቀዳዳ ለመኪናህ ሰፊ ነው።

ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ግን ሂድና የጎማ ዳዶዎችህን በመፍቻ ሞክር። አራቱንም ጎማ። ጎማ ከተፈታ በኋላ የመጣ ንቅጥቅጥ የላላ ዳዶም ሊሆን ይችላል፤ የላላ ዳዶ ይዞ የደንገጎን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ደግሞ ምክር ሊጠይቀኝ አይመለስም።

አሁን ወደ ቀዳዳው። የኮሮላህ እምብርት፣ ማለትም ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ወጣ ያለ ብረት፣ ስፋቱ 54.1 ሚሊሜትር ነው። የፋብሪካው ቸርኬ ቀዳዳው በዚያው ልክ ስለተቆረጠ እምብርቱ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ከገበያ የምንገዛው የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን ለብዙ ዓይነት መኪና እንዲሆን ተብሎ 67.1 ወይም 73.1 ተደርጎ ይሠራል። የብሎኖቹ አቀማመጥ ስለገጠመ «ገባ» ይባላል። ገብቷል፤ እምብርቱ ላይ ግን አላረፈም። በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ቀለበት አብሮ መሸጥ ነበረበት። ሻጩ ቀለበቱን ሰጥቶህ ከሆነ እኔ ተሳስቻለሁ፤ አልሰጠህም ብዬ ግን እገምታለሁ።

«ታዲያ የባላንስ ማሽኑ ለምን ዜሮ አሳየ?» ትለኛለህ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ። ወጣት ሳለሁ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ያስተማሩኝ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሽማግሌ ነበሩ። ከባድ ክብ ብረት ሆን ብለው ከመሃሉ ግማሽ ሚሊ አስተው ያስሩና በቀስታ እያሽከረከሩት «እጅህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፍ» ይሉኝ ነበር። ጠረጴዛው በስሱ ይመታል። ፍጥነቱን ትንሽ ሲጨምሩ ማሽኑ ሁሉ ይንጫጫል። ከዚያ ያጠፉትና በዓይን እንድፈልገው ያዙኛል። ግማሽ ሚሊ በዓይን አይገኝም፤ የአንተም ጎማ ነገር ይኸው ነው። የባላንስ ማሽን ቸርኬህን የሚይዘው በመሃል ቀዳዳው በኩል በሾጣጣ ብረት ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛውን መሃል አግኝቶ ይመዝናል፣ ዜሮም ይላል። አልዋሸም። መኪናህ ላይ ሲመጣ ግን ቀዳዳው ምንም አይነካም፤ ቸርኬውን ወደ መሃል የሚስቡት አራት ዳዶዎች ብቻ ናቸው። ማሽኑ በአንድ መሃል መዘነው፤ መኪናህ በሌላ መሃል ያሽከረክረዋል።

በቁጥር ልንገርህ። ቸርኬና ጎማ አንድ ላይ 16 ኪሎ ይመዝናሉ እንበል። ይህ 16 ኪሎ ከመሃሉ አንዲት ሚሊ ቢስት፣ የቸርኬው ጠርዝ ላይ ከ80 ግራም በላይ እርሳስ እንደ መለጠፍ ነው። በ90 ፍጥነት የአንተ ልክ ጎማ በሴኮንድ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ያቺ አንዲት ሚሊ በእያንዳንዱ ዙር ጎማህን በ10 ኪሎ ጉልበት ትጎትተዋለች። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ከተማ ውስጥ አትሰማትም። 110 ላይ ጋብ የሚለው ደግሞ ጤና አግኝቶ አይደለም፤ ምቱ የፊት እግሩና መሪው ከሚወዛወዙበት ልክ ስላለፈ ነው።

ገንዘብ ሳታወጣ የምታረጋግጥበት መንገድ አለ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁም፤ የእጅ ፍሬን ያዝ፤ የኋላ ጎማዎችን በታኮ ደግፍ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅህን እንኳ አታስገባ። የፊት ጎማ ፍታና መጀመሪያ የዳዶዎቹን ሾጣጣ አፍ ተመልከት። በደንብ የተቀመጠ ዳዶ ዙሪያውን እኩል የተወለወለ ቀለበት ይታይበታል። የአንተው ላይ በአንድ ወገን ብቻ እንደ ለጋ ጨረቃ የሚያበራ ካየህ፣ ቸርኬው አንድ ጎን ተደግፎ ነበር ማለት ነው። አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ዳዶ ካገኘህ ደግሞ ባስቸኳይ አውጣው፤ የቶዮታ የራሱ አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ነው፣ ሾጣጣ ቀዳዳ ላይ ፈጽሞ አይሆንም። የቸርኬውን ጀርባም እጠብ። ክረምት የደቻቱን ወንዝ የተሻገረ መኪና ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ይዞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ አይቻለሁ። እምብርቱ ላይ ያለውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አጽዳ።

ከዚያ ጎማው አየር ላይ እንዳለ ዳዶዎቹን በእጅ አስገባ፤ ጎማውን ትንሽ ትንሽ እያዞርክ በመስቀለኛ በየተራ አጥብቅ፤ የመጨረሻውን ማጥበቂያ ብቻ መሬት ሲነካ አድርግ። ጎሚስታው ምን እንዳደረገ ሳልኖር አውቀዋለሁ፤ ዳዶዎቹን ለቀቅ አድርጎ አስገብቶ መኪናውን አወረደና በአንድ ትንፋሽ አጠበቀ። የመኪናው ክብደት ቸርኬውን ከመሃሉ አንሸራተተው፣ እዚያው ታሰረ። ሦስቱ ቀን በዕድል መሃሉ ላይ ገጥሞልህ ነበር። እንደነገርኩህ አስረህ ወደ ሐረማያ ሜዳ ስትወጣ ንቅጥቅጡ ከቀነሰ ወይም ከተለወጠ፣ ክርክሩ አለቀ።

ማጥበቂያው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ቶርክ መፍቻ ከሌለህ በ25 ሳንቲሜትር እጀታ 40 ኪሎ ያህል ግፊት ማለት ነው። መፍቻው ላይ ቆሞ መዝለል ብሎኑን ይዘረጋዋል፤ ጥርሱን ቅባት መቀባትም እንደዚያው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና አጥብቅ። አሉሚኒየም ይረጋል፣ ዳዶ ይላላል። ሐረር ደርሰህ ስትመለስ፣ ደንገጎን ከመውረድህ በፊት፣ ውረድና ፈትሽ።

መፍትሔው ቀለበቱ ነው። ውስጡ 54.1፣ ውጩ የቸርኬህ ቀዳዳ ልክ፤ ቀዳዳውን በካሊፐር ለካው፣ በማስመሪያ አይደለም። ርካሹን የፕላስቲክ ቀለበት ተወው፤ በድሬ ሙቀት ላይ የደንገጎ ፍሬን ሲጨመርበት ይለሰልስና ቅርጹን ያጣል። ቶርኖ ቤት በአሉሚኒየም ይቅረጹልህ። ቀለበቱ ከገባ በኋላ ባላንሱን እንደ አዲስ አሠራ፤ በፊት የተለጠፈው እርሳስ ሁሉ ይነሳ። ከአንድ ደንበኛዬ ቸርኬ ላይ እንደ ጨሌ ተደርድሮ የተለጠፈ 140 ግራም እርሳስ ነቅያለሁ። በእርሳስ ላይ እርሳስ የሚለጥፍ ሰው የሚያክመው ማሽኑን ነው።

ቀለበቱ ገብቶም ካልተሻለህ የፊቱን ጎማ ከኋላው አቀያይር። ንቅጥቅጡ ከመሪው ወጥቶ መቀመጫህ ላይ ከመጣ ጎማው ወይም ቸርኬው ጥፋተኛ ነው። ያን ጊዜ መኪናውን አንሥተህ ከጎማው አጠገብ ሽቦ አቁምና አዙረው፤ ዙሩ ከ1 ሚሊ ተኩል በላይ ከተንጋደደ ወይም እብጠት ካለው ተመላሽ ጠይቅ። በጎማው ጎን ያሉትን አራት የመጨረሻ ቁጥሮችም አንብብ፤ 2317 ካለ በፈረንጆች 2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ «አዲስ» ተብሎ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የኖረ። ሾክ አብዞርበሩን ግን አትግዛ። የቴስቲናው ገንዘብ ሄዷል፣ እሱን አናነሣውም።

ቶርኖ ቤት የምትሄድ ከሆነ ጠዋት ሂድ፤ እዚህ ከተማ ከሰዓት በኋላ ማሽኑን እንጂ ሰውየውን አታገኘውም። ቸርኬውን ይዘህ ሂድ፤ ልኩን በቃል አትንገረው። ስትመለስ ደግሞ ዳዶዎቹን።