ጮቄ ላይ ያለውን የዝናብ መለኪያ ሮቦት ይጠብቀው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ደብረ ማርቆስ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ትውልዴ ጮቄ ሥር ነው። ተራራው ላይ አውቶማቲክ የአየር ሁኔታ መለኪያ ቢተከል ክረምት ላይ ማን ወጥቶ ያየዋል? እርስ በርስ የሚገናኙ ትንንሽ ሮቦቶች እየዞሩ ቢፈትሹትስ? የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ላደርገው ነው፤ ያስኬዳል?

መልስ፦ ያስኬዳል ወንድሜ፣ ሐሳቡም መሠረት ያለው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ አያና ሃዋርድና ባልደረቦቿ ስኖሞት የሚባሉ ትንንሽ ሮቦቶች ሠርተው አላስካ፣ ጁኖ አጠገብ፣ የበረዶ ግግር ላይ ሞክረዋቸዋል። ሳተላይት ከላይ የማያየውን፣ አንድ ቦታ የተተከለ ጣቢያም የማይደርስበትን መረጃ እየዞሩ እንዲለቅሙ ነው የታሰቡት። ሳይንቲስቱ ቦታውን ይመርጣል፤ ማን ይሂድ የሚለውን ግን ሮቦቶቹ ራሳቸው ተጫርተው ይወስናሉ።

እዚያ በረዶ ነው፣ እዚህ ጭቃ። ሐምሌ ላይ በቅሎ የሚያዳልጠውን ዳገትና የጓሳውን ጉጥ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ትንሽ ጎማ እዚያ መሀል ከገባ ቀረ ማለት ነው። ጉሙ ለቀናት ሲተኛ ደግሞ ሶላር የሮቦቱን ባትሪ አይሞላም። ድሮን እንዳትለኝ፦ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል።

ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ልታስብበት የሚገባ ነገር አለ። ብዙዎቹ አውቶማቲክ የዝናብ መለኪያዎች ውስጥ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ የምትጋደል ትንሽ ገንዳ አለች፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ በገባ ቁጥር ትገለበጣለች፣ መዝጋቢው ይቆጥራል። ቅጠል ወይም የወፍ ኩስ አፉን ከደፈነው ውሃው አይወርድም። ባትሪው ደህና ነው፣ ሲም ካርዱም በሰዓቱ ይልካል፣ የሚልከው ግን ዜሮ ነው! ቢሮ የተቀመጠው ሰው ጮቄ ላይ ዝናብ ጠፋ ብሎ ይመዘግባል። ፍጹም ዝም ካለ ጣቢያ ይልቅ እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈራኝ፣ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም።

ስለዚህ የመለኪያዎቹን ኔትወርክ ከሮቦቱ አስቀድም። ደብረ ማርቆስም ሞጣም ሐምሌ ሙሉ ሲዘንብ መሀል ላይ ያለው ጮቄ ዜሮ ካለ፣ ሲስተምህ ያንኑ ዕለት ምልክት ይስጥ። አጠገቡ ሁለተኛ መለኪያ ትከል፤ የመለኪያውን አፍ የምታይ ርካሽ ካሜራም ትበቃለች። ከዚያ የሚወጣው የሰፈሩ ልጅ ነው። ክፍያውን ከፕሮጀክቱ በጀት ያዝለት፤ በእግረ መንገድህ እይልን ማለት አያዋጣም። የመለኪያው አፍ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከፋርማሲ በገዛው ስሪንጅ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ እያደረገ ያፍስበት፤ ገንዳዋ 25 ጊዜ አካባቢ ካልተገለበጠች ችግር አለ።

ሮቦቱን በበጋ፣ ሜዳው ላይ ተጠቀምበት። በትክክል የተፈተሸ ቴርሞሜትር ተሸክሞ ከጣቢያ ጣቢያ እየሄደ የቆሙትን ቢያመሳክር በእውነት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ሴንሰር በጊዜ ብዛት ቀስ በቀስ ይዛባል። መጀመሪያ ግን ግቢያችሁ ውስጥ ሁለት ሮቦትና አንድ መለኪያ አቁም፣ አፉን ሆን ብለህ በቅጠል ድፈነውና ሳትነግራቸው ያገኙት እንደሆነ እይ።