የአያት ቤትን የእንግዳ ማረፊያ ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦ አልዩ አምባ ከአያታችን የወረስነው አሮጌ የድንጋይ ቤት አለን። አድሼ የእንግዳ ማረፊያ ላደርገው አስቤያለሁ። ኮንትራክተሩ ግን «ቅርስ ነው ከተባለ መንግሥት ይወስድብሃል፤ ቶሎ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው» አለኝ። ሁለት እህቶች አሉኝ፤ ገና አላማከርኳቸውም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ እንዳያስነኩት! ቅርስ ስለተባለ ብቻ ቤትዎን የሚወስድ የለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ሐረር ጀጎል በ1998 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ዛሬም ነባር የአደሬ (የሐረሪዎች) ቤቶች በባለቤቶቻቸው እጅ ሆነው እንግዳ ያሳድራሉ።

ባለቤትነቱ ግን ግዴታ አለው። ቅርሱን በራስዎ ወጪ መጠበቅ አለብዎት። ጥገናውም አስቀድሞ የቅርስ ባለስልጣኑን ፈቃድ ይፈልጋል። የማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ ይህን አይተካም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሆን ብሎ ቅርስን ማፍረስ ደግሞ በዓመታት የሚቆጠር ጽኑ እስራት ያስከትላል። ያን ጊዜ «ኮንትራክተሩ ነው ያለኝ» ማለት አያድንዎትም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የእህቶችዎ ነገር ነው። ውርሱ ካልተከፋፈለ ቤቱ የሦስታችሁም የጋራ ንብረት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1266 መሠረት የጋራ ንብረትን ለመሸጥ ብቻ ሳይሆን የሚውልበትን አገልግሎት ለመቀየርም የሁሉም ባለንብረቶች ስምምነት ያስፈልጋል። መኖሪያን ሆቴል ማድረግ ደግሞ አገልግሎት መቀየር ነው። አንዷ ብትቃወም ሥራው ተጀምሮ መሃል ላይ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ። ገቢው እንዴት እንደሚከፋፈል፣ የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ጻፉና ሦስታችሁም ፈርሙ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብላችሁ በቃል አትተዉት።

ከኮንትራክተሩ ጋር የሚፈርሙት ውልም «ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ነባር ግድግዳ፣ በርና ማገር አይነካም» የሚል አንቀጽ ይኑረው። ሲሚንቶ ልስንንም በስም ይከልክሉ። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ውስጥ ውስጡን ይላላል፣ ድንጋዩም ይለቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። አልዩ አምባ ያለችበት የይፋት ቆላ ከመካከለኛው ዘመን የቀሩ የመስጊድና የቤት ፍርስራሾች ያሉበት አገር ነው። ለመጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍሩ የጥንት ግንብ ወይም የሸክላ ስብርባሪ ቢያገኙ ቁፋሮውን አቁመው ወዲያው ያሳውቁ፤ ሕጉ ያስገድዳል።

አሁን የቤቱን ፎቶ በየአቅጣጫው አንስተው ከማመልከቻ ጋር ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም ሳያስደርጉ እንዳይወጡ።