በእረፍት ሰዓት አማርኛ እንዳይናገሩ ለተነገራቸው እህታችን

እህታችን፣ ከሥራ ባልደረባዎ ጋር በእረፍት ሰዓት በአማርኛ ሲጨዋወቱ የፈረቃ ኃላፊዎ «እዚህ አሜሪካ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናገሩ» እንዳሏችሁ፣ በዚያው ሳምንትም አንድ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ይህንኑ እንደደገመልዎ ገልጸው ምን መመለስ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ በቨርጂኒያ በአንድ ሆቴል መኝታ ክፍሎችን በማጽዳት ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ሁለቱም ደርሰውብኛል፤ የሁለቱ መልስ አንድ እንዳልሆነ የተረዳሁትም ተሳስቼ ነው።

ገበያ ውስጥ ተሰልፈን ከልጄ ጋር ስነጋገር ከኋላችን የቆሙ ሴት ያንኑ ቃል ሲወረውሩብኝ ደሜ ፈልቶ ጮኬ መለስኩላቸው። ሴትዮዋ ትተውን ሄዱ፤ ልጄ ግን ለወራት ከቤት ውጭ በአማርኛ ስጠራት አትመልስልኝም ነበር፤ ያሳፈራት የሴትዮዋ ንግግር ሳይሆን የእኔ ጩኸት ነበርና። አሁን እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመኝ «ከልጄ ጋር እያወራሁ ነው፤ የምረዳዎት ነገር አለ?» ብዬ ረጋ ብዬ በእንግሊዝኛ እጠይቃለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚለው ያጣል። (ስልክ ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ተሳፋሪውን የምናውክ እንዳለን አልክድም፤ ያ ግን የቋንቋ ጉዳይ አይደለም።)

የኃላፊዎ ነገር ይለያል፣ ምክንያቱም ሕግ አለበት። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል፤ የሥራ አድልዎ አቤቱታ የሚቀበለው የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽንም (EEOC) እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው መመሪያ ሠራተኛው ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲናገር ማስገደድን በአድልዎ ጠርጥሮታል። ለደኅንነት ወይም ለደንበኛ አገልግሎት ሲባል በሥራ ላይ እንግሊዝኛ መጠየቅ ግን ይቻላል። ኃላፊዎ እንግሊዝኛን የአገሪቱ መደበኛ ቋንቋ ያደረገውን የማርች 2025 የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ቢጠቅሱ፣ እርሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አሠራር እንጂ የሠራተኞችን ጨዋታ አይመለከትም። እኔ ለራሴ ኃላፊ «ደንቡን በጽሑፍ ቢሰጡኝ ለጓደኞቼም አስረዳቸዋለሁ» አልኳቸው፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሆኖም አንድ ነገር ይመርምሩ። ከእኛ ጋር ምሳ የምትበላ የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ ባልደረባችን በሳቅን ቁጥር ስለ እርሷ የምናወራ ይመስላት እንደነበር የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እርሷ ስትቀመጥ ወደ እንግሊዝኛ መመለሳችን ከይሉኝታ የመጣ እንጂ የትእዛዝ ውጤት አልነበረም። አገር ቤት ሳለንስ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው ቃል ሲሰብር ስንቶቻችን ስቀንበታል?

ክልከላው ከቀጠለ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃልና የነበሩትን ሰዎች በዚያው ዕለት ይመዝግቡ። ለኮሚሽኑ አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ሲሆን፣ አድልዎን የሚከለክል የአካባቢ ሕግና አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ባለበት ቦታ እስከ 300 ቀን ይራዘማል፤ ስለዚህ «ይተዉ ይሆናል» እያሉ ዓመት እንዳያልፍብዎ።