የራቭፎር ታይሚንግ ቺንጊያ በራስ መቀየር፦ የዕቃ መረጣ ጥያቄና መልስ

ታይሚንግ ቺንጊያ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) እና ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አስማምቶ የሚያዞር ባለጥርስ የጎማ ቀበቶ ነው። መልሶቹ በዋናነት 3ኤስ-ኤፍኢ ሞተር ስላለው የመጀመሪያው ራቭፎር ናቸው። የሌላ ሞተር ጥያቄም ይቻላል።

ጥያቄ፦ የ1998 (እ.ኤ.አ.) ራቭፎር ገዛሁ። ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ሻጩም አያውቅም። ምን ምን ልግዛ?

መልስ፦ ታሪኩ ካልታወቀ ጊዜው እንዳለፈ ይቆጠር፤ መደበኛው ዕድሜ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ቺንጊያውን ብቻ ገዝተህ እንዳትመለስ። የሚያስፈልግህ ቺንጊያ፣ መወጠሪያዋ ፑሌጃ (ቺንጊያው የሚዞርባት መንኮራኩር) ከነሞላዋ፣ ሁለተኛዋ ፑሌጃ፣ የውሃ ፓምፕ ከነጓርኒሲዮኑ፣ እንዲሁም ሦስት የዘይት ሲሎች (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙ ቀለበቶች) ናቸው፤ የክራንክሻፍት የፊት ሲል፣ የካምሻፍት ሲል እና የዘይት ፓምፕ ሲል። በዚህ ሞተር የዘይት ፓምፑንም የሚያዞረው ይኸው ቺንጊያ ስለሆነ ሦስተኛዋን ሲል ብዙ ሰው ይረሳታል። ዘይት የነካው ቺንጊያ ጎማው ይለሰልስና ጥርሱ ይገፈፋል። የሲሎቹ ዋጋ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ እነሱን ለመቀየር ብሎ ሥራውን እንደገና መፍታት ግን ያው ሙሉ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ ሱቁ «የራቭፎር» ብሎ የሰጠኝ ትክክለኛው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በመኪናው ስም አይገዛም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ይዘህ ሂድ። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የመጣው ሁለተኛው የቤንዚን ራቭፎር በአብዛኛው 1ኤዜድ-ኤፍኢ ወይም 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር ያለው ነው፤ ሁለቱም የሚሠሩት በሰንሰለት ስለሆነ ይህ ቺንጊያ የላቸውም። አሮጌውን ስትፈታ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አድርገህ ጥርሱን ቁጠር፣ ስፋቱንም ለካ። አንድ ጥርስ እንኳ ልዩነት ካለው መልሰው።

ጥያቄ፦ ኦርጅናልና ኮፒ እንዴት ይለያል?

መልስ፦ ካርቶን አታምን፤ ካርቶን በቀላሉ ይታተማል። ዕቃውን ራሱን እየው። የቶዮታ ቺንጊያዎችን ከሚሠሩት የጃፓን ፋብሪካዎች መካከል ሚትሱቦሺ፣ ባንዶና ዩኒታ አሉ። ጥሩ ቺንጊያ ጽሑፉ ጥርት ያለ፣ የጥርሱ ጨርቅ እኩል የተሸፈነ፣ ጠርዙ ክር የማይተፋ ነው። ፑሌጃ ላይ ደግሞ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ዋናው ነገር ነው፤ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ ወይም ኤንቲኤን የተጻፈበት ቢሆን እመርጣለሁ። በጣትህ ስታዞራት ግሪሷ ይዟት ለስለስ ብላ መቆም አለባት። ያለ ምንም መያዝ ለረጅም ጊዜ የምትሽከረከር ወይም የምትንሿሿ ከሆነች ግሪሷ አልቋል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ብሎንና የፕላስቲክ ሽፋን ብታገኝ ግዛ፤ ያገለገለ ቺንጊያ፣ ፑሌጃና ሞላ ግን በነጻም ቢሰጡህ አትውሰድ።

ጥያቄ፦ ፓምፑ አያፈስም። ልተወው?

መልስ፦ በ3ኤስ-ኤፍኢ ቀይረው። ፓምፑን የሚያዞረው ታይሚንግ ቺንጊያው ስለሆነ ኩሽኔታው ቢይዝ ቺንጊያውን ይዞት ይሄዳል። የ4ኤ-ኤፍኢ ኮሮላ ባለቤት ከሆንክ ግን ፓምፑ በውጭ ቺንጊያ ስለሚዞር ጤነኛ ከሆነ መተው ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ውጥረቱን በእጅ ገምቶ ማሰር ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። በጣም የጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል፣ የላላ ጥርስ ይዘላል። ውጥረቱን የሚወስነው ሞላው ነው፤ አዲስ ይግባ ያልኩትም ለዚህ ነው። ካንዴላዎቹን አውጣ፣ የክራንክና የካም ፑሌጃ ምልክቶችን አስተካክል፣ ቺንጊያውን አስገባ። ከዚያ የመወጠሪያዋን ብሎን ግማሽ ዙር አላላና ክራንኩን ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሁለት ዙር አዙረህ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን እይ። ቀጥሎ ቀስ ብለህ 1 ዙር ከ7/8 አዙርና ብሎኑን በ42 ኒውተን ሜትር አጥብቅ። የክራንክ ፑሌጃው ብሎን 108 ኒውተን ሜትር ነው። ወደ ኋላ አታዙር፤ ቺንጊያውንም አትጠፍ፣ በቤንዚን አትጠብ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ቢበጠስ ሞተሩ ይበላሻል?

መልስ፦ 3ኤስ-ኤፍኢ ይቆማል እንጂ ቫልቭና ፒስተን አይገናኙም። የሂሉክስና የሃይሩፍ ናፍጣ ሞተሮች፣ 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል እና ኬዲዎቹ፣ ግን ቫልቭ ያጣምማሉ፤ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ይከተላል። ናፍጣ የያዘ ሰው ኪሎ ሜትሩ እስኪሞላ አይጠብቅ።

ጥያቄ፦ ቀይሬ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበትም የለውም።

መልስ፦ አንድ ጥርስ ስተህ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ በካምሻፍቱ በኩል ነው። አጥፋው፣ ሲሊንደር አንድን ወደ ላይኛው ሙት ነጥብ (ፒስተኑ ጫፍ ላይ የሚደርስበት ቦታ) አምጣና የካም ፑሌጃው ቀዳዳ ከኋላው ካለው ምልክት ጋር መግጠሙን ፊት ለፊት ሆነህ እይ። ከጎን ሲታይ የገጠመ ይመስላል።