ቬስትዮታስፔትስ ልጅ ላለበት አፓርታማ ይሆናል?

ሰላም እህቴ። ቬስትዮታስፔትስ የሚባለው የስዊድን ውሻ ትንሽ ልጅ ላለበት አፓርታማ ይሆን እንደሆነ ጠይቀሻል። ይሆናል፤ ግን በቁመቱ እንዳትሸወጂ። ትከሻው ላይ 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ9 እስከ 14 ኪሎ ነው። የኖረው ግን ለእቅፍ ሳይሆን በምዕራብ ስዊድን፣ ቬስተርዮትላንድ ውስጥ ከብት ሲነዳ ነው። ላሟን ከኋላ ተረከዟን ነከስ ያደርግና ወዲያው ዝቅ ይላል፤ እርግጫው በላዩ ያልፋል። እግሩ ማጠሩ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ ላም ሲያጣ የሚሮጥ ልጅ ተረከዝ ላይ መሄዱ ነው። ክፋት የለውም፣ በደሙ ያለ ነገር ነው። ከቡችላነቱ ጀምረሽ፣ ሲሞክር ጨዋታውን ቀጥ አድርጊና አሻንጉሊት ስጪው። መጮህም ይወዳል፤ ጎረቤት ካለሽ ይህን አስቢበት። በየቀኑ ረዘም ያለ የእግር ጉዞ ያስፈልገዋል። ጭንቅላቱንም አሠሪው፤ ምግቡን ደብቂና አሽትቶ ይፈልግ።

ጭራው አይገርምሽ። አንዳንዱ ጭራ የለውም፣ አንዳንዱ ጉማጅ፣ ሌላው ጥቅልል ነው፤ ሁሉም ሲወለድ ነው።

ዘሩ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ቢዮርን ፎን ሮሰን እና ካርል ጉስታፍ ሴተርስተን የተረፉትን ከየገበሬው ቤት አፈላልገው ባያራቡ ኖሮ ዛሬ አናወራለትም ነበር።

ቡችላ ስትገዢ የወላጆቹን የዓይን ምርመራ ወረቀት ጠይቂ። በዚህ ዘር የሚወረስ የሬቲና በሽታ አለ፤ ቀስ በቀስ ዓይን ያደክማል። ወረቀቱን የማያሳይሽን ሻጭ ተይው።